ከአንድ ድስት የሚበሉ

«ሁለት ቤት ነን። ለየብቻ ጻፊን» ይላሉ አቶ ኪዳኑ፣ ጥያቄውን ገና ሳልጨርስ።

ታብሌቱን ከፀሐይ ለመከለል ነጠላዬን ወደ ፊት እስባለሁ። ባለፈው ዓመት የመጣው ቡድን አንድ ቤተሰብ ብሎ ነው የመዘገባቸው። ደጃቸው አንድ ነው፤ በጣሪያው የሚወጣውም ጢስ አንድ ነው። ሚስታቸው እማማ ደጅይጥኑ ግድግዳውን ተጠግተው ምስር ይለቅማሉ፤ ቀና አላሉም።

ከሰቆጣ የተነሳሁት በማለዳ ነው። መኪናው ከወንዙ ማዶ ቀርቷል፤ ዳገቱን በእግሬ ነው የወጣሁት። ለዛሬ የቀረኝ ይህ አንድ ቤት ብቻ ነው፣ ሁለት ካልሆነ።

መጠይቁ ስለ ገቢ፣ ስለ ሥራና ሰው በኑሮው ስላለው እርካታ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ቤተሰብ የሚባለው ማን እንደሆነ መለየት አለበት። ደንቡ አጭር ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩና ከአንድ ድስት የሚበሉ። ውጭ አገር ስማር ይህንኑ በፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

«ከአንድ ድስት ነው የምትበሉት፣ አባቴ?»

በፍጹም፣ ይላሉ። ከፋሲካ ወዲህ እሷ የራሷን፣ እሳቸው የራሳቸውን ነው የሚያበስሉት። ምን እንደሚያበስሉ እጠይቃቸዋለሁ። ትንሽ አስበው፣ ሽሮ፣ ይላሉ።

እማማ ደጅይጥኑን ሳቅ ያመልጣቸዋል። «እሱ? እሳት እንኳ እፍ ብሎ አያውቅ።»

አቶ ኪዳኑ በኽምጥኛ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ ፈጠን ያለ፣ ቁጣ ያለበት። ቋንቋውን አልሰማም፤ ነገሩ ግን ገብቶኛል። የተቆጠረ ቤት ሁሉ ስንዴ ይሰፈርለታል እየተባለ በየመንደሩ ይወራል። ሁለት ቤት ሁለት ስፍር ነው። እርዳታ እንደማንሰጥ ገና ስቀመጥ አንብቤላቸው ነበር፤ እንደ ጸሎት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አዳመጡኝ እንጂ አላመኑኝም።

«ተለያይተናል» ይላሉ እማማ ደጅይጥኑ፣ የተጠና ትምህርት እንደሚወጣ ልጅ።

አቶ ኪዳኑ ደግ አልሽ በሚል ዓይን ያዩዋቸዋል።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ለመጠየቅ ያህል። ከፋሲካ በፊት ነው ይላሉ እማማ ደጅይጥኑ፤ ከዚያም በጣም በፊት። ምስሩን የሚለቅሙት ጣቶቻቸው ይቆማሉ።

«ልጃችን በጂቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ እሱ ያውቅ ነበር። በሌሊት ተነስቶ እስከ መናኸሪያው ሸኛት። እኔን አልቀሰቀሰኝም።»

«እውነቷን ነው» ይላሉ አቶ ኪዳኑ ወደ እኔ ዞረው፣ ምስክር እንዳገኘ ሰው ደስ ብሏቸው። «በዚህ ነው የተጣላነው።»

«ተመልሶ መጣ። ቁርስ አቀረብኩለት፤ በላ። ልጅቷ የት ናት ስለው፣ ውኃ ወርዳ ይሆናል አለኝ። እኔም ድርሻዋን ከድኜ አስቀመጥኩላት።»

ፈገግታው ከአቶ ኪዳኑ ፊት ቀስ እያለ ይጠፋል። ይህን አብረው ያጠኑት አይመስለኝም።

ዝም ማለት ይሻል ነበር። ግን ደክሞኛል፤ ነገሩ እንዲያልቅልኝ እፈልጋለሁ። ስንዴ እንደሌለ ደግሜ፣ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቢሆኑም ሁለት ቢሆኑም የሚመጣ ነገር የለም፤ ለጥናት ብቻ ነው። ጥናቱስ ለማን ይጠቅማል ብለው አይጠይቁኝም።

አቶ ኪዳኑ እፎይ ብለው ይስቃሉ። «እንዲያ ከሆነማ አንድ በይን፣ ልጄ። በከንቱ ቤታችንን አናፈርስም።»

«ሁለት ይሁን» ይላሉ እማማ ደጅይጥኑ።

አቶ ኪዳኑ እንደገና በኽምጥኛ ይናገራሉ። አሁን ቁጣ የለበትም፤ ረጅምና ዝግ ያለ ነው። እማማ ደጅይጥኑ እስኪጨርሱ ጠብቀው በአማርኛ ይመልሱላቸዋል።

«ሰማሁህ። እንግዳዋም ትስማ።»

«እግሬ ላይ ወድቃ ለምናኝ ነው የሄደችው» ይላሉ አቶ ኪዳኑ፣ እሳቸውም በአማርኛ። «ብነግርሽ ታስቀሪያት ነበር።»

«አስቀራት ነበር።»

«የቤታችንን ገመና ለእንግዳ ሰው ታወጪያለሽ?»

«ሌላ ማን ጠየቀኝ።»

ነፋሱ ገለባውን ከሰፌዱ ላይ ያነሳዋል። ስክሪኑ ይደበዝዛል፤ ስነካው ይበራል። ቁጥር ይፈልጋል፣ አንድ ወይም ሁለት። ከወራት በኋላ ሩቅ አገር ባለ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይህ ቤት ከብዙ ነጥቦች መካከል አንዲት ነጥብ ይሆናል። ነጥቦቹን እያሳየሁ የምናገረው እኔ ነኝ።

«እናቴ፣ የዛሬን ምሳ ማን ሠራ?»

«እኔ።»

«አባቴስ ከዚያው በሉ?»

«በላ።»

«እንግዲያው በደንቡ መሠረት አንድ ቤት ናችሁ» እላለሁ። ድምፄ የራሴ አይመስለኝም።

እማማ ደጅይጥኑ ያዩኛል። አልተቆጡም፤ እንደ እኔው ደክሟቸዋል።

«እንግዲያ ነገ በምሳ ሰዓት ነይ» ይሉኛል።

ሰፌዱን ይዘው ይነሳሉ። ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ገጠም ያደርጉታል፤ አይዘጉትም።

አቶ ኪዳኑ በሩን ሲያዩ ይቆያሉ። ከዚያ ኩታቸውን አራግፈው እስከ ደፉ ይሄዳሉ። እጃቸውን ወደ በሩ ይሰዱና መልሰው ይሰበስቡታል። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ቤቶች» ይላሉ፣ ከውጭ እንደቆሙ።