የኦይስተሩ እርሾ

ኦይስተሮቹን የፈጁት የምንትዋብ እናት ናቸው፤ በሳሙና።

ባሕሩ የአፋርን ቆላ ካጥለቀለቀ ወዲህ የጉድጓዱ ውሃ ሁሉ ተመርዟል። እያንዳንዱ ቤት የሚጠጣው ኦይስተር የሚባለው ባለዛጎል የባሕር እንስሳ ከሚኖርበት ገንዳ ነው። መርዙን የሚበሉት ደግሞ በዛጎሎቹ ላይ ባለው ልጋግ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ በከተማው ሳሙና ክልክል ነው።

እናትየዋ፣ ወይዘሮ አገሬ፣ ትናንት ከደብረ ታቦር መጡ። ዛሬ ልጃቸው ሥራ ስትውል ገንዳውን ከነዛጎሎቹ ፈግፍገው ጠበቋት።

«ልጋጉን አይቼ አፈርኩልሽ» አሏት። «ባለሙያ ናት ብዬ ድሬሽ!»

ትንሿ ብርቄ የአያቷን መዳፍ ይዛ ታሸታለች። ሳሙና ሸትቷት አያውቅም።

«እማዬ፣ ውሃ» አለች ቀና ብላ።

ምንትዋብ ማሰሮውን አነሳች። «ከጎረቤታችን ከሞሚና እርሾ ልጠይቅ። ጥቂት ዛጎል ከነልጋጉ ከሰጠችኝ ገንዳው ያገግማል።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?»

«ሳሙና የነካ ሰው ላለበት ቤት እርሾ አይሰጥም። መጀመሪያ እንግዳሽን አስወጪ ነው የምትለኝ።»

ወይዘሮ አገሬ ነጠላቸውን ሳቡ። «እንግዲያ ልሂዳ! ልጅቷ በጥም ትለቅ?»

«የት ነው የምትሄጂው? አውቶብሱ የሚመጣው እሑድ ነው፤ ፀሐዩ ይገድልሻል። ቁጭ በይ!»

«እምቢ ብትልሽስ?»

«እስክትሰጠኝ ደጇን አልለቅም። ግትርነቱን ከማን ወረስኩት?»

እናቷ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ላስወጣሽ የሚመጣ አይጠፋም፤ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ» አለቻቸውና ወጥታ፣ ራሳቸውም ከፍተው እንዳይሄዱ በሩን ከውጭ ቆለፈችው።