ባለቤት የተገኘለት ብረት

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ሰኞ በጠራራ ፀሐይ፣ ጊምቢቹ አጠገብ በጭሰኛው በጠና ጓሮ ከሰማይ አንድ ነገር ወደቀ። ሰባት እግር እንሰት ጨፈለቀ። ብር የመሰለ ብረት ነው፤ ቁመቱ የሰው ያህል፣ አንድ ጎኑ እንደ ቂጣ የተቆረሰ። ምንነቱን ያወቀ የለም።

ማክሰኞ ባለመሬቱ አቶ ተክለ ሃይማኖት በበቅሎ ደረሱ። ዞረው ዞረው አዩት።

«ይህ ግማሹ ነው። ሌላው የታለ?»

«የወደቀው ይኸው ነው፣ ጌታዬ።»

«ደብቀኸዋል። ሙሉውን ለጃንሆይ ባቀርብ ፊታውራሪ መባሌ አይቀርም ነበር። እስከ ቅዳሜ ካላመጣህ መሬቴን ትለቃለህ።»

የጠና ሚስት ገነቴ፣ «የውቢት አባት፣ ልጆች ይዘን የት እንገባለን? ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ» አለችው።

ረቡዕ ጠና ሊለምን ወጣ። መንገድ ላይ ከሺንሺቾ አህያ እየነዳ የሚመጣውን የጨው ነጋዴ ሰይድን አገኘ። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ብዙ አወሩ። ከዚያ ጠና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ምነው?» አለች ገነቴ።

«ይቆይ።»

ሰፈርተኛው ግን ግማሹን ለሰይድ ሸጠው ብሎ አወራ።

ሐሙስ ጌትዮው ተመልሰው መጡ። ጠና፣ ያ አፍ የሌለው ሰው፣ «ከሰማይ የወረደ የፈጣሪ ነው እንጂ የጌታዬ አይመስለኝም» አላቸው። እሳት ለብሰው ሄደው ከሰሱት።

ቅዳሜ ከሆሳዕና መቶ አለቃ ጴጥሮስ ሁለት ፖሊስ አስከትሎ መጣ። ቤቱ ተበረበረ። የቆጮው ጉድጓድ ሳይቀር ተከፈተ፤ ከቆጮ በቀር ምንም የለም።

«ለዚያ ነጋዴ ሸጦታል» አሉ አቶ ተክለ ሃይማኖት።

«ጌቶች፣ ከሰማይ ወረደ ነው የሚባለው። በምን የእርስዎ ይሆናል?» አለ መቶ አለቃው።

«የምን ሰማይ! አባቴ ከውጭ አገር ያስመጡት የወፍጮ ዕቃ ነው። ምስክር አለኝ።»

ሦስት ምስክር ማለ። አንደኛው እንዲያውም ከመኪና ሲራገፍ ተሸክሜዋለሁ አለ።

«ሌላውም ግማሽ የእርስዎ ነው?»

«እሱማ ዋናው ነው።»

«የትም ቢገኝ?»

«የትም ቢገኝ። ጻፈው።»

ተጻፈ፤ ፈረሙ። መቶ አለቃው ወደ ጠና ዞረ።

«አንተስ የምትለው አለህ?»

ጠና መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጌታዬ የኔ ነው ካሉ የጌታዬ ነው» አለ።

መቶ አለቃው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው ጌቶች፣ ሆሳዕና ድረስ አብረን እንሂድ፤ ሌላው ግማሽ ሺንሺቾ ላይ ወድቆ አሥራ አንድ ቤት አቃጥሏል፣ ባለቤቱን ስንፈልግ ነው የሰነበትነው።»