ደሟ ያልረሳው

ደም መርማሪዋ የአባቷን ደም ከእናቷ ደም ከተለየው ቢጫ ውሃ ጋር ቀላቅላ በማሽን ካሽከረከረች በኋላ፣ ቀጭኑን ቱቦ በመብራቱ ፊት ቀስ ብላ ነቀነቀችው። ከታች የተጠራቀመው ቀይ ነጥብ እንደ ጭስ ቢበተን ደሙ ተስማማ ማለት ነው፤ እናቷም አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ትገባለች፤ ደም ባንኩ ባዶ ነበር። ነጥቡ ግን እንደ ጡብ ፍርፋሪ ተቆራርሶ ተንሳፈፈ። ደግማ ሠራችው፤ ያው ነው።

አባቷ እጅጌውን ጠቅልሎ በሩ ላይ ይንቆራጠጣል። "የደማችን ዓይነት አንድ ነው አላልሽም?"

"አንድ ነው፣ አባዬ። ግን ደሟ ውስጥ ያሉት ዘበኞች ያንተን ባዕድ ብለው ያዙት።"

"የት ያውቁኛል እነሱ?"

ቱቦውን መደርደሪያው ላይ አኖረችው፤ ጣቶቿ ግን አልለቀቁትም። እናቷ ከእሷ በቀር አልወለደችም።

"እኔ ነኝ ያሳየኋቸው" አለች። "ከደምህ የወረስኩትን ምልክት ይዤ ሆዷ ውስጥ ስኖር ለይተውት ነበር። እስከ ዛሬ አልረሱትም።"

"እንግዲያ ያንቺም አይሆናትም ማለት ነው።"

"አይሆናትም።"

አባቷ የጠቀለለውን እጅጌ ወደ ታች መለሰ። "ዘመድ ካልሆነ ባዳ ፍለጋ ልውጣ እንጂ" ብሎ ወደ ኮሪደሩ ተጣደፈና መጀመሪያ ያገኘውን መንገደኛ ክንዱን ያዘው።

"ወንድሜ፣ ደምህ ምንድን ነው?"