ከጣሪያ የወደቀ ባል

ተራራው ላይ ያለው የበረዶ ሸርተቴ ሆቴል ከአጎቱ በውርስ ሲደርሰው፣ ሰውየው ከተማ ያለውን የቢሮ ሥራ በሳምንቱ ለቀቀ። ሚስቱን ያማከራት ከለቀቀ በኋላ ነው።

«ልጆቹ በንጹሕ አየር ያድጋሉ» አላት።

አየሩስ ንጹሕ ነበር፤ በተሰበሩት መስኮቶች እንደልቡ ይገባል። ቦይለሩ ሲፈልግ እንደ ሽማግሌ እያሳለ ውሃ ያሞቃል፣ ሳይፈልግ ደግሞ አኩርፎ ይተኛል። እንግዶች ሸርተቴያቸውን በትከሻቸው ተሸክመው እየሳቁ ይመጣሉ፣ እያስነጠሱ ይመለሳሉ።

ባል ከመዶሻና ከሚስማር ጋር ፍቅር ይዞት ይውላል። አንዱን ሲጠግን ሁለቱን ይሰብራል፣ ግን እያፏጨ ነው። ሚስት ግን ከተማው፣ ጎረቤቶቿና የዘጋቻት የልብስ ስፌት ሱቋ በዐይኗ ላይ ይዞሩባት ጀመር። ብትነግረው ይሻል ነበር። ግን ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ማፍረስ አቃታት። ስለዚህ ሆቴሉን ማፍረስ ጀመረች።

መጀመሪያ የቧንቧ መጋጠሚያ አላላች። ቀጥሎ ስልክ ስታነሣ «ክፍል ሞልቷል» ማለት ለመደች፤ ክፍሎቹን የሞላቸው ግን ነፋስ ነበር። ባል «ምን ዓይነት ዕድል ነው!» ይልና እንደገና መዶሻውን ያነሣል። በመጨረሻ ሻንጣዋን ሸክፋ አልጋ ሥር ደበቀችው። ቅዳሜ አውቶቡስ ሲመጣ ልጆቿን ይዛ ልትወርድ ነው። እሱም እንዲከተላት ሆቴሉ መዘጋት አለበት። ዓርብ ጠዋት ጣሪያ ሥር ወዳለችው ዕቃ ቤት ወጣችና የጭስ መውጫውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ወተፈችው።

ምሳ ሲቀርብ ሳሎኑ በጭስ ታፈነ። እንግዶቹ ማንኪያቸውን እንደያዙ ወደ በረዶው ሮጡ። ባል መሰላል አቁሞ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ የሆቴሉ ሽማግሌ ዘበኛ ከሥር ያዘለት። እሷ ኩሽና ገብታ ፊቷን አዞረች።

ብዙም ሳይቆይ «ዷ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጩኸት።

ስትደርስ ባሏ በረዶው ውስጥ ተዘርሮ፣ እግሩን ይዞ ያቃስታል። ደግነቱ አብሮ አደጉ የሆነ ሐኪም ለምሳ መጥቶ ነበር። ወደ ክፍል አስገባው፣ በሩን ዘጋ፣ ጀሶ አሰረለት። ሲወጣ ዐይኗን ሳያይ «ተሰብሯል። ከአልጋ እንዳይወርድ» አለ።

ሚስት ሻንጣዋን ፈታች።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ልታወጣ ወደ ዕቃ ቤቱ ወጣች። የለም። አንድ ሰው ቀድሟታል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዘበኛው «እትዬ...» ብሎ ይጀምርና ነገሩን ዋጥ ያደርጋል። ባየችው ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

«አወቀብኝ» አለች በልቧ።

ምን ታድርግ? እጅጌዋን ሰበሰበች። ወፍራም መጋረጃ ሰፍታ መስኮቶቹን አለበሰቻቸው። ቦይለሩ ሲያኮርፍ በእርግጫ ትለዋለች፤ ይነሣል። ሳሎን ውስጥ ያለው አንድ ምድጃ ብቻ ስለሆነ እንግዳውን ሁሉ ዙሪያውን ሰበሰበችው። የማይተዋወቀው ሰው ሾርባ እየተቀባበለ ይስቅ ጀመር። ስልክ ሲደወል «አለ፣ ኑ!» ማለት ተማረች።

ማለዳ ስትነሣ የደጁ በረዶ ተጠርጎ ታገኘዋለች። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ» ትላለች ዘበኛውን።

«እኔ ምን አደረግሁና፣ እትዬ» ይላል መሬት መሬት እያየ።

ልጆቿ ከአባታቸው ክፍል አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ሲወጡ ታያለች። ለእሷ ብለው ልቅሷቸውን የሚውጡ መሰላት። ሐኪሙ በመጣ ቁጥር «ገና ነው» ይላል። ባልዬው አንድ ቀን እንኳ «አመመኝ» ብሎ አያውቅም። ሾርባ ስታጎርሰው «አደከምኩሽ፣ ይቅር በይኝ» ይላታል። ይሄ ነው ያንገበገባት። ቢሰድባት በወደደች።

አንድ ቀን ሦስት ልጆች ይዛ የመጣች እንግዳ ስትሰናበት «ለከርሞ ያችኑ ክፍል ያዢልን» አለቻት።

«እጠብቃችኋለሁ» አለች ሚስት፣ ሳታስበው። ካለች በኋላ ግን ከልቧ መሆኑን አወቀች። ደስ አላት። በማን እግር የተገኘ ደስታ ነው?

ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ላይ ወጣች።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ከሰማህ በኋላ ውጪልኝ ብትል አልፈርድብህም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ጭስ መውጫውን የወተፍኩት እኔ ነኝ። ቧንቧውንም እኔ ነኝ። ሰው ሲደውልም ሞልቷል እል ነበር። ሻንጣዬን ሸክፌ ልጠፋብህ ነበር። እግርህን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ባል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጆሮው ፍም መስሏል።

«ሻንጣውን አይቼዋለሁ» አለ ለግድግዳው። «ያን ዓርብ ጠዋት።»

ለካስ ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቀ ነው ከእጇ የጎረሰው። ቂሙን ከሾርባው ጋር ሲውጥ ከርሟል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በየትኛው ፊቷ ታየዋለች?

«ገባኝ» አለች። «ልጆቹን አዘጋጅቼ በነገው አውቶቡስ እወርዳለሁ።»

ዞራ ወደ በሩ አመራች።

ባሏ አንሶላውን ገፍፎ ከአልጋው ዘለለና፣ ወለሉን በጀሶው እያንኳኳ፣ በሁለት ጤነኛ እግሩ ሮጦ በሩ ላይ ቀደማት።