የኦቭኑ መደርደሪያ

ባሏ ከጅቡቲ ያመጣው ኦቭን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎኑ መሀል ወለል ላይ ተቀምጧል። ታናሽ ወንድሟ አስናቀ መደርደሪያ እሠራለሁ እያለ ከሳምንት ሳምንት ያስጠብቃታል። ዛሬ ግን ሳትጠራው ድሪልና አንግል ብረት ይዞ መጣ።

«ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አለችው።

«ቤቱ ሰፋ ይበል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ግድግዳውን ስድስት ቦታ በሳው። ብረቱን ካሰረ በኋላ ራሱ ተንጠለጠለበት፤ አልተነቃነቀም። ሁለት ጎረቤቶች አግዘውት ኦቭኑን ሰቀሉት። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት አስገቡት።

«ደግሞ ሶፋው ምን አደረጋችሁ?» ብላ ሳቀች። የሳቀላት የለም። ስልኳን አየች። ከባድ መኪና የሚነዳው ባሏ ከደወለ አራት ቀኑ ነው።

«ምትኩ ዛሬም አልደወለም።»

«መንገዱ ላይ ኔትወርክ የለም አሉ» አለ አስናቀ፣ ቅድም ያጠበቀውን ብሎን እንደገና እያጠበቀ።

የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈተች። አንድ ባለጋሪ አግዳሚ ወንበር ከምሮ ቆሟል።

«የእድሩ ወንበር ነው፣ እህቴ። ለነገ ንጋት ነበር ያሉኝ፤ ነገ ሌላ ሥራ ስላለብኝ ዛሬውኑ ላድርስ ብዬ ነው። የት ላውርደው?»

«ቤት ተሳስተሃል። እኛ ጋ የሞተ ሰው የለም።»

ዞር አለች። አስናቀ ድሪሉን እንደያዘ ሳሎኑ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ቀና ብሎ አላያትም። ጎረቤቶቹም መሬት መሬቱን ያያሉ።

ወደ በሩ ተመለሰች። ከዚያ የሁለተኛውን የበር ክንፍ መወርወሪያ ሳበች።

«አስገባው» አለችው ባለጋሪውን። «በአንዱ ብቻ አያልፍልህም።»