የተጠገነች ማሸጊያ

ልብስ ሰፊው ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ የኮምፒውተር ድርጅቱ ጥገና ክፍል ወረፋ ያዘ።

ኮምፒውተሩ የሟች ልጁ ነው። ራሷ ፈትታ፣ ጠባቡን ዲስክ አውጥታ፣ ሰፋ ያለ ገጥማበታለች። ታማ በተኛች ጊዜ ለአባቷ የቀዳችው ድምፅ እዚያ ዲስክ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ሰሞኑን ደግሞ ማሽኑ አልበራም ብሎ ዐረፈው።

የሰፈሩ ጠጋኝ «አምጣው፣ ልክፈተውና ልየው» ብሎት ነበር። እሱ ግን የልጁን ድምፅ ለማንም ነካኪ አይሰጥም። ዋስትናው መች አለቀና! የሠራው ድርጅት ባለሙያዎች እያሉ?

ችግሩ ከሥሩ የተለጠፈችው የወረቀት ማሸጊያ ናት። እሷ ከተቀደደች ዋስትና ብሎ ነገር የለም። ልጅቷ ዲስኩን ስትቀይር ለሁለት ቀድዳታለች። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የተቀደደ ሲያገናኝ የኖረ ሰው ነው። በመርፌ ጫፍ ሙጫ ቀባ፤ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጠመ፤ ለብ ባለ ካውያ ተጫናት። እሱ ራሱ እንኳ መገጣጠሚያዋን ፈልጎ አጣው።

ከፊቱ የነበረው ጎልማሳ ዋስትና ተከለከለ። የተበላሸ ኮምፒውተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እየተራገመ ወጣ። ልብስ ሰፊው ከልቡ አዘነለት።

ባለሙያዋ በልጁ ዕድሜ ናት። ከኋላዋ፣ ከተዘጋው በር ወዲያ፣ የሆነ ማሽን አልፎ አልፎ ይንኮሻኮሻል።

«አባባ፣ ተከፍቶ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም፣ ልጄ።»

«የተቀየረ ዕቃስ?»

«እኔ ምኑን አውቀዋለሁ!»

«ውስጡ የሚፈልጉት ነገር ካለ ዲስኩን አውጥቼ ልገልብጥልዎት?»

ላብ አጠመቀው። ዲስኩ ከወጣ የልጁ ሥራ ታወቀ ማለት ነው።

«ምንም የለውም። ብቻ ይብራልኝ።»

ላፕቶፑን ገልብጣ ጥፍሯን በማሸጊያዋ ላይ አስኬደች። መሐል ላይ ስትደርስ ጥፍሯ ቆመ። ቀና ብላ የሳሳ ኮቱን አየች። አለቀልኝ አለ በሆዱ።

«ማሸጊያዋ ደህና ናት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ምንም አላየሁም። አረፍ ይበሉ፣ አባባ።»

ላፕቶፑን ይዛ በበሩ ገባች።

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ከቀብሯ ወዲህ ደስ ሲለው የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ቤቱን ዘግቶ ያደምጣታል፤ ያለቅሳል፤ ደግሞ ያደምጣታል። ከበሩ ወዲያ ማሽኑ ተንኮሻኮሸና ዝም አለ።

ባለሙያዋ ያልተከፈተ ካርቶን ታቅፋ፣ ፊቷ በፈገግታ በርቶ ተመለሰች።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ አባባ፣ ዋስትናው ጸድቋል! ይኸው አዲስ ተሰጥቶዎታል፤ አሮጌውን እንደ ደንባችን አሁን በማሽን ፈጨነው።»