የባንኩ ሦስተኛ ደብዳቤ

ማሚት እዚህ አገር ከገባች ሁለት ወሯ ነው። ያስመጣት የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ያረፈችው ግን አክስቷ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አክስትየዋ ከአገር ስትወጣ ማሚት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ቢሆንም ከእናት አታንስም፤ ቤቱ ሁሉ «ማሚትዬ፣ ማሚትዬ» ነው።

የማጠቢያው አለቃ ቁርጡን ነግሯታል። «እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ የባንክ ሒሳብ ካልከፈትሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ባንክ ሄዳ ወረፋ ያዘች። ሠራተኛዋ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ስም ሁለቴ ስትጠራ ማሚት ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ዞር ዞር አለች። በሦስተኛው ደንግጣ ተነሣች። ከትምህርት ቤት ወዲህ ማን በዚያ ስም ጠርቷት!

«አድራሻሽን ለማረጋገጥ ደብዳቤ በፖስታ እንልካለን። ውስጡ ያለውን ቁጥር ይዘሽ ነይ» አለቻት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የውሃ ሽታ ሆነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ባንኩ ሦስተኛውን ላከ፤ ይሄም ከጠፋ ማመልከቻው ይዘጋል።

አክስት እህል አልወርድ አላት።

ምድር ቤት አንድ የአገር ልጅ አለ። ሲራመድ ኮቴው ስለማይሰማ «ድመቱ» ይሉታል። የሕንፃው የፖስታ ሣጥን ከተሰበረ ወዲህ ፖስተኛው ደወል ይደውላል፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀበላል። ድመቱ ደግሞ ደወሉ ሳያባራ በር ላይ ነው። አክስትም ሥራዋ ከሰዓት ስለሆነ፣ ጉልበቷን እየረገመች ትወርዳለች፤ ብዙውን ቀን ትቀድመዋለች። በማትቀድመው ቀን ምን እንደሚሆን ግን እግዜር ይወቀው።

አንድ ጠዋት ድመቱ ማሚትን ደረጃ ላይ አገኛት።

«የባንኩ ደብዳቤ መጣልሽ?» አላት።

ማን ነገረው?

«ዓይኑን አይተሽዋል?» አለች አክስት ስትሰማ። «የሌባ ዓይን! እኔ እያለሁማ አይነካትም።»

ያ ዓርብ ደረሰ። ማሚት ሥራ ቦታ ሆና በየሩብ ሰዓቱ ትደውላለች። «አክስቴ፣ መጣ?»

«አልመጣም የኔ ልጅ። አታልቅሺ።»

ወደ አራት ሰዓት ግድም ደወሉ ጮኸ። አክስት ነጠላ ጫማዋን አንድ እግር ብቻ አጥልቃ ወረደች። ድመቱ ቀድሟታል፤ ፖስታ ወደ ኪሱ ሲከት ደረሰችበት። ኮሌታውን ጨመደደችው።

«አምጣ!»

«ምኑን እትዬ?»

«የልጄን ደብዳቤ! የሰው ጉሮሮ ዘግተህ ልትኖር?»

«ኧረ የኔው የመብራት ነው፣ ይዩት!» ድመቱ ፖስታውን አወጣ። እውነትም የራሱ ነበር። «ጩኸትዎ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። አዝኜላት ነው የጠየቅኋት!»

«ሌሎቹንስ የት አደረስካቸው?»

ፖስተኛው ገና አልሄደም ነበር። «ሦስተኛ ፎቅ» አለና አንድ ነጭ ፖስታ ዘረጋ።

አክስት የድመቱን ኮሌታ ሳትለቅ፣ በሌላ እጇ ፖስታውን ተቀብላ የተጻፈበትን ስም ፊደል በፊደል አነበበችና ለፖስተኛው መልሳ ሰጠችው። «ዛሬም ይቺኑ ሴትዮ? እንዲህ የምትባል እኛ ቤት የለችም ብዬ ሁለቴ መለስኩልህ እኮ!»